ለዓይን አንድ፣ ለማሽን ሁለት፦ አንድ ማን ፔጅ የጸዳበት ታሪክ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የባክአፕ ሰርቨራችን ዲስክ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አንድ ባልደረባዬ አሮጌ አሮጌውን ሊያጸዳ ተቀመጠ። ለዚህ ሥራ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለችን። ድሮ እዚያው ቢሮ የተጻፈች ናት፤ ከቢሮው ውጪ የሚያውቃት የለም። የፎልደሮችን ስም ትሰጧታላችሁ፤ በየፎልደሩ እየገባች ቀኑ ያለፈበትን ባክአፕ ትሰርዛለች። «ዳሽ ኤን» የምትባል አማራጭ አለቻት። እሷ ከተጨመረች ፕሮግራሟ ምንም አትነካም። «ብሰርዝ ኖሮ እነዚህን ነበር» ብላ ዝርዝር ብቻ ታወጣለች።

ልጁ ጠንቃቃ ነው። ዘሎ አልገባበትም። ተርሚናሉ ላይ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ የፕሮግራሟን ማን ፔጅ ከፈተ። ማን ፔጅ ማለት በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ ከኮማንዶች ጋር አብሮ የሚመጣው መመሪያ ነው፤ «ማን» ብላችሁ የኮማንዱን ስም ስትጽፉ ይከፈታል። ወደ ምሳሌዎቹ ወረደ። ዳሽ ኤን ያለበትን መስመር ኮፒ አደረገ፣ ፔስት አደረገ፣ የፎልደሩን ስም ብቻ በራሱ ተካ። ኢንተር።

ፕሮግራሟ «‐ኤን የሚባል ፎልደር የለም» አለች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ፎልደር አለፈች። መሰረዝ ጀመረች።

«ና እስቲ ይህን እይልኝ» ብሎ ጠራኝ። ፊቱ ተለዋውጧል። «እኔ እኮ ዳሽ ኤን ብዬ ነው ያስገባሁት።» አየሁ። እውነቱን ነው፣ ስክሪኑ ላይ ዳሽ ኤን ይላል። ባዶ የሙከራ ፎልደር ከፈትኩና ያንኑ መስመር በእጄ ጻፍኩት። ሠራ። የሱን ፔስት አደረግኩ። «‐ኤን የሚባል ፎልደር የለም።» ሁለቱ መስመሮች ላይና ታች ተደርድረዋል። ብታፈጡባቸውም ልዩነት የላቸውም።

ጉዳቱን አስቀድሜ ልናገር፣ ልባችሁ እንዳይሰቀል። የጠፋው የሁለት ወር ባክአፕ ነበር፤ ቅጂው ሌላ ማሽን ላይ ስለነበር እስከ ማታ መለስነው። ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በማን ፔጁ ላይ መከመር አይገባም። የሰጧትን ፎልደር ያጣች ፕሮግራም እዚያው መቆም ነበረባት እንጂ ወደ ቀጣዩ ሄዳ መሰረዝ አልነበረባትም። ያንን በማግስቱ አስተካክለናል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ገጹ ነው።

ሁለቱን መስመሮች ፋይል ውስጥ አስቀምጠን ባይታቸውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በፊደሎቹ ፈንታ የሚያስቀምጣቸውን ቁጥሮች፣ አወጣን። በኪቦርድ የተጻፈችው ጭረት አንድ ባይት ናት፦ 2ዲ። ከማን ፔጁ የመጣችው ሦስት ባይት ናት፦ ኢ2፣ 80፣ 90። የመጀመሪያዋ ከአስኪ (ከድሮው የእንግሊዝኛ ፊደላት የኮምፒውተር ኮድ) ዘመን ጀምሮ የምናውቃት፣ ኪቦርዳችን ላይ ያለችው ጭረት ናት። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ «ሃይፈን ማይነስ» ይላታል፣ ሁለቱንም ሥራ ስለምትሠራ። ሁለተኛዋ ዩኒኮድ ላይ 2010 የሚል ቁጥር ያላት እውነተኛዋ ሃይፈን ናት፤ ቃልና ቃል ለማያያዝ ብቻ የተፈጠረች። ፕሮግራሟ አማራጭ ነው ብላ የምትቀበለው በ2ዲ የሚጀምረውን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ለሷ የፎልደር ስም ነው።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። በአራት ነጥብ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ኮሎን ደርድሮ የተጻፈ ሰነድ ያልገጠመው ማን አለ? ሲታተም አንድ ነው። ስትፈልጉት ግን የለም። «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ጸሀይ» ብላችሁ ስትፈልጉ ኮምፒውተሩ «የለም» ሲላችሁም ያው ነው። እኛ በጆሮ አንድ የሆነውን ፊደል ለምደናል፤ ይህኛው ደግሞ በዓይን አንድ የሆነ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሰዓት ያህል በከንቱ ሄደ፣ በእኔ ምክንያት። ያንኑ ማን ፔጅ በራሴ ላፕቶፕ ከፈትኩ፣ ኮፒ ፔስት አደረግኩ፣ ሠራ። «እኔ ጋ ይሠራል» የምትለውን የታወቀች ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ልጁ በትዕግሥት አየኝ። ፋይሉ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። እኔ ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው። እሱ አዳዲስ ሶፍትዌር እንደወጣ የሚወስድ ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ጭኗል። ልዩነቱ የመጣው ማን ፔጁን አንብቦ ስክሪን ላይ ከሚያሰልፈው ፕሮግራም ነበር፣ ከግሮፍ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የዩኒክስ የመጀመሪያው መመሪያ የወጣው ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው፣ ቤል ላብስ ውስጥ። ጽሑፉን የሚያሰልፈው ሮፍ የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ የዘር ሐረጉ ጀሮም ሳልትዘር በ1964 ኤም አይ ቲ ላይ ወደጻፈው ራንኦፍ ይደርሳል። በ1973 ገደማ ጆ ኦሳና ትሮፍን ጻፈ፣ ሲ ኤ ቲ ለሚባል የፎቶ ማተሚያ ማሽን። ማተሚያው ላይ ሃይፈንና ማይነስ የተለያዩ ቅርጾች ናቸው፦ አንዷ አጭር፣ አንዷ ረዘም ያለች። ኪቦርዱ ላይ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። ስለዚህ ሕግ ወጣ። ጭረቷን ብቻዋን ከጻፋችሁ ሃይፈን ናት። ፊቷ ባክስላሽ ካስቀደማችሁ፣ ማለትም \- ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ማይነስ ናት። የኮማንድ አማራጭ በዚህች በሁለተኛዋ ይጻፋል ተባለ። የማን ፔጅ ማክሮዎች (ብዙ ትእዛዝ በአንድ ስም የሚጠሩ አቋራጮች) በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ሲመጡ ሕጉ አብሮ መጣ። ጄምስ ክላርክ በ1990 ግሮፍን ሲያወጣም ወረሰው።

ችግሩ፣ በተርሚናል ላይ ልዩነቱ አይታይም ነበር። ስክሪኑ የሚያውቀው ያችን አንዷን የአስኪ ጭረት ነው። የማይታይ ስሕተት ደግሞ አይታረምም። ለአሥርት ዓመታት ሰው ባክስላሽዋን እየዘለለ ማን ፔጅ ጻፈ። ዩኒኮድ ተርሚናል ሲመጣ ሁለቱ ጭረቶች በእውነት ሊለያዩ ሆነ። በዚያን ጊዜ ግሮፍ ለማን ፔጆች ሲባል ራቁቷን ጭረት ዝም ብሎ ወደ 2ዲ እየለወጠ ስሕተቱን ይሸፍን ጀመር። በጁላይ 2023 የወጣው ግሮፍ 1.23.0 መሸፈኑን አቆመ። አዘጋጆቹ ሳይደብቁ ጽፈውታል፦ ይህ ለውጥ በማን ፔጆች ውስጥ ያሉትን ስሕተቶች ያወጣል ተብሎ ይጠበቃል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለተጠቃሚዎቹ ብሎ መሸፈኛውን በራሱ መለሰው። ኡቡንቱም ከዴቢያን ይወርሳል። የእኔ ላፕቶፕ እንግዲህ ያለፈለት ስለነበረ ሳይሆን ስለተሸፈነለት ነው የሠራው።

ማን ልክ ነው? እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ይህን ስል ልጁ ይስቅብኛል። ግሮፎች ሕጉን አልለወጡም፤ የነበረውን ነው ያስከበሩት። ዴቢያኖችም በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች እስኪታረሙ ድረስ የተጠቃሚው ኮፒ ፔስት እንዲበላሽ አልፈለጉም። የእኛን ገጽ ግን የሚያርምልን ሌላ ሰው የለም።

ስለዚህ የገጹን ምንጭ ፋይል ከፈትኩ። ወደ ሁለት መቶ መስመር ነው። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ይዘቱን በአማርኛ እነግራችኋለሁ። ጭረቶቹን ብቻ አስተካክዬ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ግማሽ ሰዓት።

ግሮፍ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። በዝምታ ከሠራ ብዙ ነገር ውጦ ያልፋል፣ ይህንን ማወቅ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውን ከፈትኩና ገጹን አሳለፍኩት። ከወጡት መካከል አንዷ ዓይኔን ያዘችው፦ «ኪፕ» የሚባል ማክሮ አልተገለጸም፣ መስመር ይህን ያህል። እኛ ኪፕ የሚባል ማክሮ የለንም። መስመሩ ጋ ሄድኩ።

በስክሪኑ ላይ ገጹ እዚያ ቦታ እንዲህ ይነበባል፦ «ፎልደሩ ውስጥ ይህ ስም ያለው ፋይል ካለ ፋይሉ ባዶ ሊሆን ይችላል።» ለዓመታት ሁላችንም አንብበን አልፈነዋል። ትንሽ ግር ይላል፤ ግን ማን ፔጅ ሁሉ ትንሽ ግር ይላል።

ምንጩ ላይ ግን በሁለቱ መካከል አንድ መስመር አለ፦

ፎልደሩ ውስጥ ይህ ስም ያለው ፋይል ካለ
.ኪፕ ፕሮግራሙ ከዚያ ፎልደር ምንም አይሰርዝም።
ፋይሉ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በሮፍ ቋንቋ በነጥብ የሚጀምር መስመር ጽሑፍ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ግሮፍ ነጥቧን አየ፣ ኪፕ የሚባል ትእዛዝ ፈለገ፣ አጣ፣ መስመሩን ከነሙሉው ጥሎ ሄደ። ያለ ድምፅ። አንድ ሙሉ መከላከያ ከገጹ ጠፍቷል። ፎልደር ውስጥ ያቺን ባለነጥብ ፋይል ብታስቀምጡ ፕሮግራሟ አትነካውም ነበር። ሐሙስ ዕለት ያቺ ፋይል ብትኖር አንድም ነገር አይሰረዝም ነበር።

ፕሮግራሟን የጻፉት ሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ያቺ የባክአፕ ማጽጃ ኪፕ የምትባል ፋይል ታውቃለች እንዴ?»

«ታውቃለች እንጂ! ምን ማለትህ ነው፣ ጽፌው የለም?»

«ጽፈውታል ጋሼ። ግን አይታይም።»

«እንዴት አይታይም? እኔ ስጽፈው ይታይ ነበር እኮ ልጄ። አትሜ አሳይቼ ነው ያስገባሁት።»

ትክክል ነበሩ። የፋይሎችን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግበው ጊት ላይ ታሪኩን አወጣሁ። ጋሼ ሲጽፉት ዓረፍተ ነገሩ በአንድ ረጅም መስመር ላይ ነበር፤ ነጥቧ መሐል ላይ ስለነበረች ምንም ችግር የለባትም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው መስመሮቹ ረዘሙ ብሎ በኤዲተሩ እኩል እኩል አድርጎ ሰባብሯቸዋል። ከስብራቶቹ አንዱ ልክ ከነጥቧ በፊት ወደቀ። የለውጡ መግለጫ «የፎርማት ማስተካከያ፣ የይዘት ለውጥ የለም» ይላል። የለዋጩ ስም የእኔ ነው።

ለልጁ ነገርኩት። ምን ይደረጋል፣ ጊት አይዋሽም። ምሳ ጋበዝኩት።

መፍትሔዋ ትንሽ ናት፦ ከነጥቧ በፊት \& ይጻፋል። ምንም የማታሳይ፣ ቦታ የማትይዝ ምልክት ናት፤ ሥራዋ ነጥቧ የመስመር መጀመሪያ እንዳትሆን መጋረድ ብቻ ነው። በነጠላ ጥቅስ የሚጀምር መስመርም እንዲሁ ይጠፋል፤ እሱንም በዚያችው ትጋርዱታላችሁ። እኔ ግን ከዚያ በላይ አንድ ነገር አደረግኩ። መስመሮቹን እንደገና ሰበርኳቸው፣ በዚህ ጊዜ ግን በእኩል ርዝመት ሳይሆን በየዓረፍተ ነገሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ መስመር። ብራያን ከርኒሃን በ1974 ለዩኒክስ ጀማሪዎች የመከረው ነው። ግሮፍ ስክሪን ላይ መልሶ ስለሚሞላው አንባቢው ምንም አይታየውም። ምንጩን የሚያርመው ሰው ግን አንድ ቃል ሲለውጥ የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፤ አንቀጹ በሙሉ አይናወጥም።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚለውን እርሱት። ገጹን በሙሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ከምሳሌዎቹ አንዱ የፎልደር ስሞችን ጽሑፍ በሚያወጣው ፕሪንት ኤፍ በሚባል ኮማንድ አውጥቶ ለፕሮግራሟ የሚያቀብል ነው። ፕሪንት ኤፍ ላይ በነጠላ ጥቅስ መካከል ፐርሰንት ኤስ፣ ከዚያ ባክስላሽ ኤን ይጻፋል፤ አዲስ መስመር ማለት ነው። ስክሪን ላይ ግን «ፐርሰንት ኤስ ዜሮ» ይላል። ዜሮ! የመዝጊያው ጥቅስም የለም። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በሮፍ ቋንቋ ባክስላሽ ኤን ማለት «የሚቀጥለውን ስም የያዘ የቁጥር መዝገብ አምጣ» ማለት ነው። የሚቀጥለው ፊደል ደግሞ የመዝጊያው ጥቅስ ነበር። ግሮፍ ጥቅሱን እንደ ስም ቆጠረው፣ በዚያ ስም መዝገብ አጣ፣ ዜሮ ሰጠ። የመክፈቻው ጥቅስም በአዲሱ ግሮፍ ወደ ጎበጠችው የጽሑፍ ጥቅስ ተለውጧል፤ እሷን ሼሉ፣ ተርሚናሉ ላይ ኮማንዶችን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ አያውቃትም። በአንድ አጭር መስመር ሦስት ስሕተት። ባክስላሹ በባክስላሽና በ«ኢ» ተተካ። ቀጥ ያለችው ጥቅስ ደግሞ ባክስላሽ፣ የመክፈቻ ቅንፍ፣ ኤ፣ ኪው ተብላ ተጻፈች። ምንጩ ላይ ስታዩት ያስጠላል። ስክሪን ላይ ግን በመጨረሻ ኮፒ የሚደረግ ነገር ሆነ።

ሌላው የስም ክፍሉ ነው። የማን ፔጅ የመጀመሪያ ክፍል አንድ መስመር ነው፦ የኮማንዱ ስም፣ ጭረት፣ አጭር መግለጫ። የእኛ ገጽ በጭረቷ ቦታ ሁለት ነጥብ ነበረው፣ ይኸውም የእንግሊዝኛው ኮሎን። ለአንባቢ ምንም አይደለም። ነገር ግን «ኤፕሮፖስ» የሚባለው መፈለጊያ ስሙን ከመግለጫው የሚለየው በዚያች ጭረት ነው። ጭረቷን ካጣ ገጹን አይመዘግብም። አዲስ የሚመጣ ልጅ ባክአፕ ብሎ ሲፈልግ ፕሮግራሟን አግኝቷት የማያውቀው ለዚህ ነበር። እኛ ግን ሁልጊዜ «ገጹን አታነቡም» እያልን ነበር የምንቆጣቸው።

የፎንቱ ጉዳይ ቀላል ነበር፣ ቢሰለችም። ልማዱ ይህ ነው፦ እንዳለ የሚጻፈው በደማቅ፣ አንባቢው በራሱ የሚተካው በኢታሊክ፤ ተርሚናል ላይ ኢታሊኩ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተሰምሮ ይታያል። በእኛ ገጽ ላይ ተገለባብጦ ነበር። አንድ ቦታ ደግሞ ደማቁ ተከፍቶ ስላልተዘጋ አንቀጹ እስኪያልቅ ድረስ ይጮኻል። ጋሼ የአማራጮቹን ዝርዝር በስፔስ ቁልፍ እየገፉ ነበር ያስተካከሉት። በሳቸው ስክሪን ስፋት ልክ ነው። ጠበብ ባለ መስኮት ሲከፈት ግን ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ይሆናል። ለዚህ የተዘጋጀ ማክሮ አለ፣ ነጥብ ቲ ፒ፤ አማራጯን በአንድ መስመር፣ ማብራሪያውን ከሥር ገባ አድርጎ ራሱ ያሰልፋል። ተካሁት። ባዶ መስመሮችንም በአንቀጽ ማክሮ ለወጥኩ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

ጭረቶቹን ወደ መጨረሻ ያቆየኋቸው ቀላል ናቸው ብዬ ነበር። ጽሑፍን በጅምላ በሚተካው በሴድ አንድ ትእዛዝ፦ ጭረትን ሁሉ በ\- ተካ። አለቀ ብዬ ለልጁ እንዲያየው ላክሁለት። አሥር ደቂቃ አልቆየም። «ሁሉንም ነው እንዴ የተካኸው?» አለኝ። ገጹን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ከፍቶታል። እንግሊዝኛው ውስጥ በሃይፈን የተያያዙት ተራ ቃላት ሁሉ መሐላቸው ረጅም የመቀነሻ ምልክት ገብቶባቸዋል። ሰው ማባዛትና መቀነስ የሚያስተምር ገጽ ይመስላል። ጋሼ በትክክል \- ብለው የጻፏቸው ጥቂት ቦታዎች ደግሞ ሁለት ባክስላሽ ሆነው፣ አንዳንዱ ጋ ባክስላሹ ራሱ ወጥቷል።

መልሼ አነሳሁት። በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ። ኮማንድ ላይ የሚተየብ ጭረት ከሆነ ባክስላሽ ይቀድማታል፤ አማራጭ፣ የፋይል ስም፣ ምሳሌ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ቃልን ከቃል የምታያይዝ ከሆነች ራቁቷን ትቀመጣለች። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንባቢው ይህችን ጭረት ኪቦርድ ላይ ይመታታል ወይስ ያነባታል? ማሽን ይህን መወሰን አይችልም። እኔም ሁለት ቦታ ላይ ፕሮግራሟን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት «የይዘት ለውጥ የለም» ብዬ ፈርሜ ስለነበር አሁን ሳላረጋግጥ እንዲህ ብዬ ልጽፍ አልደፈርኩም። ያደረግነው ይህ ነው። አሮጌውንም አዲሱንም ገጽ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ግሮፍ፣ 80 ፊደል በሚይዝ ስፋት ወደ ተራ ጽሑፍ ቀየርን። መስመሮቹ ስለሚንሸራተቱ እንዳለ ቢነጻጸሩ ሁሉም የተለወጠ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በየራሱ መስመር አደረግንና የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያወጣው በዲፍ አስተያየናቸው። የቀረው ልዩነት በአንድ ስክሪን የሚያልቅ ነው። ጭረቶቹ፣ የስም ክፍሉ፣ የፕሪንት ኤፍ ምሳሌ። ከመሐል ደግሞ የመደመር ምልክት ያለባቸው ጥቂት ቃላት ተደርድረው፦ «.ኪፕ፣ ፕሮግራሙ፣ ከዚያ፣ ፎልደር፣ ምንም፣ አይሰርዝም።» ይዘት ተለውጧል እንግዲህ። መግለጫው ላይ እንደዚያው ጻፍኩት። ማንዶክ የሚባለውና በቢ ኤስ ዲ (ሌላው የዩኒክስ ዘር) ሰፈር የሚወደደው ሌላው የማን ፔጅ አንባቢም የራሱ መፈተሻ አለው፤ በሱም አሳለፍነው፣ ስለ ቀኑ አጻጻፍ ብቻ አጉረመረመ።

ልጁ በዚያው ሙቀት የአማርኛ ቅጂ ልጻፍ አለ። ይቻላል፤ ማን ፔጆች ባሉበት ፎልደር ውስጥ የቋንቋውን ምሕጻር የያዘ ሌላ ፎልደር ተከፍቶ እዚያ ይቀመጣል፤ የኮምፒውተሩ ቋንቋ አማርኛ ከሆነ ያ ይመጣል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስላለ ተርሚናሉ ላይ ያለ ችግር ወጣ። አንድ ነገር ግን ታዘብን። ግሮፍ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አድርጎ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ነጥብ፣ የጥያቄና የቃል አጋኖ ምልክትን ነው። አራት ነጥብን አያውቃትም። በአንዲት መስመር ማስተማር ይቻላል፣ አስተማርነው። የአማርኛው ገጽ እስካሁን ግማሽ ላይ ነው። «አማራጭ» እንበል ወይስ «ኦፕሽን» በሚል ክርክር ቆሟል፤ ለጊዜው የሚያልቅ አይመስለኝም።

የታረመው ገጽ ሰኞ ገባ። ልጁ የመጀመሪያ ሥራው በየባክአፕ ፎልደሩ እየገባ ያቺን ባለነጥብ ባዶ ፋይል ማስቀመጥ ሆነ። በነጥብ የሚጀምር ፋይል በተለመደው ዝርዝር ላይ አይታይም፤ የተደበቁትንም አሳይ ብሎ ካላዘዙ በስተቀር። እሱ አዟል። ትንሽ ቆይቶ ጠራኝ። ሁለት ፎልደሮች ውስጥ ፋይሏ ቀድሞ አለች። ባዶ ናት፣ ዜሮ ባይት። ቀኗ 2012 ይላል፣ ባለቤቷ ላይ የጋሼ የመግቢያ ስም አለ።